ቀልደኛ ሥራ ሲፈታ

ውድ አንባቢ፥ በቀልድ እንጀራ መብላት በየትኛውም አገር ቀላል ሥራ አይደለም። ጌታው ይቈጣል፥ ባለጠጋው ይቀየማል፥ ሕዝቡ ደግሞ ትናንት ሆዱን ይዞ በሣቀበት ነገር ዛሬ ያዛጋል። ይሁን እንጂ ቀልደኛ ከጥንት ጀምሮ ማንም የማይነጥቀው አንድ ርስት ነበረው፤ እርሱም ማጋነን ነው። ሌላው ሰው ስንዝር ሲል እርሱ ጋሻ መሬት ይላል፤ ሣቁም የሚመጣው በስንዝሩና በጋሻው መካከል ካለው ባዶ ቦታ ነው። እኔ ዛሬ የማጫውትዎ ይህን ርስቱን ስለ ተነጠቀ ቀልደኛ ነው። የነጠቀውም ሌላ ቀልደኛ አይደለም፤ እውነቱ ራሱ ነው እንጂ። አገሩ አሜሪካ ነው፥ ነገሩም የጠመንጃ ነገር ነው። ከመጀመሬ በፊት ግን ዓመቶቹን በፈረንጆች አቈጣጠር እንደምጽፍ ይወቁልኝ፤ ወደ አገራችን ስንመለስ እነግርዎታለሁ።

በ1972 አሜሪካኖች በየሳምንቱ በቴሌቪዥን የሚያዩት አንድ አስቂኝ ተውኔት ነበራቸው፤ ስሙ «ኦል ኢን ዘ ፋሚሊ» ይባላል። ዋናው ሰው አርቺ በንከር የተባለ፥ ከወንበሩ የማይነሣ፥ ያልተማረውን ሁሉ የሚያውቅ፥ የዓለምን ችግር በሙሉ ከራት በፊት የሚፈታ አባወራ ነው። (እንዲህ ያለ ሰው በእርስዎ ቤተ ዘመድ ውስጥ ከሌለ፥ እርስዎ ራስዎ እንዳይሆኑ ይጠርጥሩ።) ዘመኑ አውሮፕላን ጠለፋ የበዛበት ዘመን ነበርና አርቺ አንድ ቀን በቴሌቪዥን ጣቢያ ቀርቦ ስለ ጠመንጃ ቁጥጥር ሐሳቡን ይሰጣል። የጠለፋው መድኃኒት ቀላል ነው አለ፤ መንገደኛው ሁሉ ሲሳፈር ሽጉጥ ማደል፥ ሲወርድም መልሶ መሰብሰብ ነው። ብርድ ልብስና ትራስ እንደሚታደለው መሆኑ ነው። ተመልካቹ በሣቅ ፈረሰ። ደራሲዎቹም አንድ ሞኝ ሊናገረው የሚችለውን የመጨረሻውን ነገር ያገኙ ሳይመስላቸው አልቀረም።

ከዚህ በኋላ 46 ዓመት አለፈ። በ2018 በፌብሩዋሪ 14 ቀን በፍሎሪዳ ግዛት፥ ፓርክላንድ በምትባል ከተማ፥ አንድ ወጣት ትምህርት ቤት ገብቶ 17 ሰዎች ገደለ። በሳምንቱ የአገሩ ፕሬዚዳንት የሟቾቹን ቤተ ሰቦችና ከሞት የተረፉትን ተማሪዎች በቤተ መንግሥቱ ተቀብሎ ሲያነጋግር፥ መምህራን ሽጉጥ ቢታጠቁ ነገሩ ይቀንስ ነበር የሚል ሐሳብ አቀረበ። ማንም አልሣቀም። ፍሎሪዳም በ2019 የክፍል መምህራን ሥልጠና እየወሰዱ እንዲታጠቁ የሚፈቅድ ሕግ አወጣች፤ ቴኔሲ የምትባለው ግዛት በ2024 የራስዋን ጨመረች። አርቺ በንከር የድርሰት ሰው ባይሆን ኖሮ የፈጠራ ባለቤትነቱን በፍርድ ቤት ይጠይቅ ነበር።

እንግዲህ የቀልደኛውን ችግር ይመልከቱ። ጆናታን ስዊፍት የተባለው የአየርላንድ ቄስ በ1729 የድኾች ልጆች ለባለጠጎች ገበታ እየታረዱ ቢቀርቡ ረኀብም ድኽነትም ይጠፋል የሚል ምክር ጽፎ ነበር። ይህን የጻፈው ጌቶቹን ለማሳፈር ነው። ስዊፍት ግን አንድ ትልቅ ዕድል ነበረው፤ ምክሩን ሰምቶ «መልካም ሐሳብ ነው፥ በኮሚቴ ይጠና» ያለው ባለሥልጣን አልነበረም። የዛሬዎቹ የስዊፍት ልጆች ይህ ዕድል የላቸውም።

ለምሳሌ በዚያው በ2018 ሳሻ ባሮን ኮኸን የተባለ እንግሊዛዊ ቀልደኛ ያደረገውን ልንገርዎ። ይህ ሰው ጢም ቀጥሎ፥ ፊቱን ለውጦ፥ እስራኤላዊ የጸጥታ ሊቅ ነኝ ብሎ ወደ አሜሪካ ፖለቲከኞች ዘንድ ሄደ። ይዞት የሄደውም ፕሮግራም ሕፃናትን በትምህርት ቤታቸው ማስታጠቅ ነው። ከ12 ዓመት ጀምሮ ቍልቍል እስከ 4 ዓመት ድረስ ያሉ ልጆች በሦስት ሳምንት ትምህርት ሽጉጥና ጠመንጃ፥ ጥቂትም የሞርታር ዕውቀት ይቀስማሉ የሚል ነው። ሕፃኑ እንዳይፈራ ሽጉጡ የአሻንጉሊት ቡችላ ቆዳ ይለብሳል። ቀልደኛው የጠበቀው ከቢሮው በጥፊ ተመትቶ እንዲወጣ ይመስለኛል። እነርሱ ግን ከካሜራው ፊት ቆመው የሰጣቸውን ወረቀት እንደ ወንጌል አነበቡለት! ካነበቡት መካከል ያን ጊዜ በሥልጣን ላይ የነበሩ እንደራሴዎች፥ ቀድሞ በምክር ቤት የነበሩ ሰዎች፥ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት የአብላጫው ወገን መሪ የነበረ ሽማግሌ ጭምር ይገኙበታል። ነገሩ ስላልጣመው «እኛ እንደራሴዎች ስለ አንድ ፕሮግራም እንደ ሰማን ወዲያው ድጋፍ አንሰጥም» ብሎ የተመለሰም ነበረ፤ ለርሱ ምስጋና ይግባው። ከተነበቡት ሰዎች አንዱ በኋላ ተታለልኩ ብሎ ተቈጥቷል። መታለሉስ እውነት ነው፤ ግን ሰው የሚታለለው ወደሚሄድበት መንገድ ሲመሩት ነው እንጂ፥ ወደማይሄድበትማ ማን ይወስደዋል?

ማጋነን አልሠራ ካለ ሌላ ዘዴ አለ፤ እርሱም ምንም ሳይጨምሩ እንዲያው ያለውን ነገር ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። በ2012 በዲሴምበር ወር በኮነቲከት ግዛት ሳንዲ ሁክ በሚባል አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና 6 የትምህርት ቤቱ ሠራተኞች ከተገደሉ በኋላ፥ እናቶች አንድ ማኅበር አቋቋሙ። በ2013 ያወጡት ማስታወቂያ ሁለት ትንንሽ ልጆች የሚታዩበት ሥዕል ነው። አንደኛው ልጅ ጦር ሜዳ የሚያዘልቅ ጠመንጃ ታቅፏል፤ ሁለተኛው በውስጡ መጫወቻ ያለበትን የእንቁላል ቅርጽ ቸኮላታ ይዟል። ጽሑፉም ከሁለቱ አንዱ ለልጆች ደኅንነት ሲባል በአሜሪካ የተከለከለ ነው፥ የትኛው እንደ ሆነ ገምቱ ይላል። የተከለከለው ቸኮላታው ነው። በ1938 የወጣ የምግብ ሕግ የማይበላ ነገር በሚበላ ነገር ውስጥ ተሸሽጎ እንዳይሸጥ ስለሚከለክል፥ ያ ዓይነቱ ቸኮላታ በድንበር ላይ ይወረሳል። ልጁ መጫወቻውን ሊውጠው ይችላልና ሕጉ ትክክል ነው። ጠመንጃውን ደግሞ ማንም ልጅ አይውጠውም።

አሁን ግን እኔን ከሁሉ አብልጦ ያስገረመኝን ነገር ላጫውትዎ፤ ይኸውም የመዝገብ ቤቱ ነገር ነው። እርስዎ በአንድ መሥሪያ ቤት ጉዳይ ኖሮዎት «ፋይሉ አልተገኘም፥ ነገ ይመለሱ» ተብለው ያውቃሉ። ሁላችንም እናውቃለን። ፋይሉን ያላገኘው ጸሓፊ ሰነፍ ነው ብለን አማርረናል። ዌስት ቨርጂኒያ በምትባል ግዛት፥ ማርቲንስበርግ ከተማ፥ የአሜሪካ መንግሥት አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት አለው፤ ሥራው ወንጀል የተሠራበት ጠመንጃ ከማን እንደ ተገዛ ፈልጎ ማግኘት ነው። ያ መሥሪያ ቤት ፋይሉን ቶሎ የማያገኘው ሠራተኛው ሰንፎ አይደለም፤ ቶሎ እንዳያገኝ በሕግ ታዝዞ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በ1986 የወጣ ሕግ መንግሥት የጠመንጃ ባለቤቶችን ስም የሚይዝ ማዕከላዊ መዝገብ እንዳያቋቁም ይከለክላል፤ መዝገብ ካለ አንድ ቀን ሊቀማን ይመጣል የሚል ፍራቻ ስላለ ነው። ስለዚህ አንድ ፖሊስ ከሬሳ አጠገብ ሽጉጥ ቢያገኝ፥ ስም ሰጥቶ ወዲያው የሚመልስለት መኪና የለም። የማርቲንስበርግ ሠራተኛ ስልክ አንሥቶ ፋብሪካውን ይጠይቃል። ፋብሪካው ለእገሌ ጅምላ ነጋዴ ሸጥኩት ይላል። ጅምላ ነጋዴው ለእገሌ ባለሱቅ ይላል። ባለሱቁ ደብተሩን ገልጦ ያነባል። ባለሱቁ ሱቁን ዘግቶ ከሆነ ደብተሩን በካርቶን አድርጎ ወደ ማርቲንስበርግ ልኮታልና፥ ሠራተኛው ከካርቶኖቹ ውስጥ ይፈልጋል። ከደብተሮቹ ውስጥ እርጥበት ያበላሻቸው፥ በእጅ ጽሕፈት የተጻፉ፥ በማይነበብ ቀለም የደበዘዙ አሉ። ፎቶግራፍ ተነሥተው በኮምፒዩተር ገብተዋል፤ ነገር ግን ኮምፒዩተሩ በስም እንዲፈልግ አልተፈቀደለትም፤ ሰው ገጽ በገጽ እየገለጠ ያነባል። የካርቶኑ ክብደት አንድ ጊዜ የሕንፃውን ወለል እንዳያፈርሰው ተፈርቶ፥ ካርቶኖቹ ወጥተው በግቢው በቆሙ የብረት ኮንቴይነሮች ውስጥ ተደርድረው ነበር። ያን ሁሉ ኮምፒዩተር የፈለሰፈው አገር ይህ ነው። በሞባይል ስልኬ ውስጥ ያለ አንድ የአሜሪካ ድርጅት ከትናንት ወዲያ ስንት ሲኒ ቡና እንደ ገዛሁ ያውቃል፤ ሽጉጥ ብገዛ ግን ደብተር ይገለጣል።

አዮዋ በምትባል ግዛት ደግሞ ማየት የተሳነው ሰው በአደባባይ መሣሪያ የመያዝ ፈቃድ ሊከለከል እንደማይችል በ2013 ጋዜጦች ሲጽፉ፥ አንድ ወዳጄ ወሬው የቀልድ ጋዜጣ ፈጠራ ነው ብሎ ተከራከረኝ። አልፈርድበትም። ሕጉ በ2011 ሥራ ላይ የዋለ ሕግ ነው፤ ዓይነ ስውር መሆንን ለመከልከያ ምክንያት አልቈጠረውም።

በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ስለ ሆነው ነገር ስጽፍ ደግሞ ብዕሬ ያፍራል። በ1966 በኦገስት 1 ቀን አንድ ሰው በኦስቲን ከተማ ካለው ዩኒቨርሲቲ ግንብ ጫፍ ላይ ወጥቶ፥ ከሥር የሚያልፈውን ሰው እያነጣጠረ ከዐሥር በላይ ሰዎች ገደለ። ከዚህ በኋላ ልክ 50 ዓመት ሲሞላ፥ በ2016 በኦገስት 1 ቀን፥ ፈቃድ ያለው ሰው ሽጉጡን በልብሱ ሥር ሸሽጎ ወደ ዩኒቨርሲቲ ክፍሎች እንዲገባ የሚፈቅደው የግዛቲቱ ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። ቀኑን የመረጠ ሰው የቀን መቍጠሪያ አልነበረውም ማለት ነው፥ ወይም ነበረው። ተማሪዎቹ ሕጉን አገላብጠው ሲመለከቱ ሽጉጥ ይዞ መግባት ቢፈቀድም፥ አንድ ለብቻ በመኝታ ቤት የሚቀመጥ ከጎማ የሚሠራ ዕቃ በግልጽ ይዞ መታየት ግን ነውር ሆኖ እንደሚያስቀጣ አገኙ። የዕቃውን ስም እንዳልጽፍ አርታኢው ብቻ ሳይሆን እናቴም ትከለክለኛለች። ትምህርት በተከፈተ ቀን ተማሪዎቹ በመቶዎች ሆነው ያንን ዕቃ በቦርሳቸው ላይ አንጠልጥለው በአደባባይ ተሰለፉ። ሽማግሌዎች ዓይናቸውን ሸፈኑ። ተማሪዎቹም የጠየቁት ጥያቄ ቀላል ነበር፤ ከሁለቱ ዕቃዎች ዓይን የሚያሸፍነው የትኛው ነው?

ውድ አንባቢ፥ እስካሁን ስሥቅ ቆይቻለሁና ለወዲያኛው ወገንም ፍርድ ልስጥ። ፖሊስ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ከሚፈጅበት የሞንታና ገጠር የሚኖር ገበሬ ጠመንጃውን ከበሩ አጠገብ ቢያኖር ሞኝ አይደለም፤ የእኛ ባላገርም ይህን ቋንቋ ይረዳዋል። መብቱም በሕገ መንግሥታቸው ሁለተኛ ማሻሻያ በ1791 የተጻፈ ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፥ ያን ጊዜ የነበረው ጠመንጃም የሠለጠነ ወታደር ቢይዘው በደቂቃ ሦስት ጥይት ያህል የሚተኵስ ነበር። በ2018 የወጣ የታወቀ ጥናት እንደገመተው ያን ጊዜ በአሜሪካ በሲቪል ሰው እጅ 393 ሚሊዮን መሣሪያ ነበረ፤ ከሕዝቡ ቍጥር ይበልጣል። የተወለደው ሕፃን ሁሉ ገና ዓይኑን ሳይገልጥ ድርሻው ተቀምጦለታል ማለት ነው።

በቀልደኞቹም ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። በ2021 በአሜሪካ በጥይት የሞተው ሰው ከ48,800 በላይ ነው። ከዚህም ውስጥ ከግማሽ የሚበልጠው ሌላ ሰው የገደለው ሳይሆን ራሱን በራሱ የገደለ ነው፤ ብቻውን፥ በሌሊት፥ በገዛ ቤቱ፥ ዘራፊ ቢመጣ ብሎ በገዛው ሽጉጥ። ስለዚህ ሰው ብዙ ቀልድ አልሰማሁም። ሥዕልም የለውም፥ ሰልፍም አይወጣለትም። ቀልደኛውም እንደ ጋዜጠኛው ብዙ ሬሳ በአንድ ቦታ ሲገኝ ነው የሚመጣው።

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ቀልደኛውና ሕግ አውጪው ማን ከማን እንደ ቀዳ አይታወቅም። ክሪስ ሮክ የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ቀልደኛ በ1999 ጠመንጃውን ተዉት፥ ይልቅስ የአንዱን ጥይት ዋጋ 5,000 ዶላር አድርጉት፥ ያን ጊዜ በስሕተት የሚመታ መንገደኛ አይኖርም ብሎ ሕዝቡን አሣቀ። ነገር ግን ሞይኒሃን የሚባሉ የኒው ዮርክ ሴናተር በ1993 በአንዳንድ ክፉ ጥይቶች ላይ 10,000 በመቶ ቀረጥ ይጣል ብለው ነበር፤ እርሳቸው ቀልደኛ አልነበሩም፥ የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ ነበሩ እንጂ። ካሊፎርኒያ ደግሞ በ2024 በጠመንጃና በጥይት ላይ 11 በመቶ ታክስ መሰብሰብ ጀመረች። ከዐሥር ሺህ ወደ ዐሥራ አንድ መውረድ ነው፤ በገበያ ክርክር እንዲህ የሚወርድ ነጋዴ አላየሁም።

«ዘ ኦንየን» የሚባል የቀልድ ጋዜጣ አለ፤ ትርጓሜው ሽንኩርት ማለት ነው። በ2014 በካሊፎርኒያ አይላ ቪስታ በሚባል ሰፈር አንድ ወጣት ሰዎችን በገደለ ጊዜ አንዲት አጭር ወሬ ጻፈ፤ አሳቡም ይህ ነገር ዘወትር የሚደርስበት አንድ አገር ብቻ ሆኖ ሳለ፥ የዚያው አገር ሰዎች ነገሩን ለመከላከል ምንም መንገድ የለም እያሉ ይናገራሉ የሚል ነው። ጥሩ ቀልድ ነው፤ ግን የአንድ ቀን ቀልድ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ሌላ ግድያ ሲደርስ አዘጋጆቹ አዲስ ቀልድ አልጻፉም። ያንኑ ወሬ አውጥተው የከተማውን ስም፥ ቀኑንና የሟቾቹን ቍጥር ብቻ ለውጠው አተሙት። ከዚያም ደገሙት፤ ከዚያም ሠለሱት። በ2022 በሜይ 24 ቀን በቴክሳስ ግዛት ዩቫልዴ በምትባል ትንሽ ከተማ 19 ሕፃናትና 2 መምህራን ተገደሉ። ያን ዕለት 376 የታጠቁ ጸጥታ አስከባሪዎች በትምህርት ቤቱ ተሰብስበው ነበር፤ ወደ ክፍሉ ገብተው ገዳዩን እስኪመቱት ድረስ ከአንድ ሰዓት በላይ አለፈ። በማግሥቱ «ዘ ኦንየን» የድረ ገጹን ፊት በሙሉ በዚያችው በአንዲት ወሬ ሞላው፤ እያንዳንዱ የከተማ ስም፥ እያንዳንዱ ቀን፥ ከላይ እስከ ታች። ቀልድነቱ ቀርቶ የሙታን መዝገብ ሆነ። ልብ ይበሉ፥ ይህ በስምና በቀን ተፈልጎ የሚገኝ መዝገብ ነው። በማርቲንስበርግ ያልተፈቀደውን ሽንኩርቱ ሠራው። በዚያው ዓመት በጁን ወር የአሜሪካ ምክር ቤት ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረውን ዝምታ ሰብሮ አንድ መጠነኛ ሕግ አወጣ፤ ከቀልዱ የተነሣ ነው የሚል ሰው ግን አላገኘሁም።

ቀልድ ሁሉ ለማሣቅ አይደለም። በእኛ አገር አልቃሽ በለቅሶ ቤት ቆማ በሟቹ ስም ሕያዋኑን ስትወጋ፥ በዙሪያዋ ያሉት ሊሥቁም ሊያለቅሱም ሲያቅታቸው አይተው ያውቃሉ። ስለዚህ ቀጥሎ የምነግርዎትን ነገር ከአሜሪካኖች ይልቅ እኛ ቶሎ የምንረዳው ይመስለኛል።

በፓርክላንድ ከሞቱት 17 ሰዎች የአንዱ ወጣት አባትና እናት በ2021 በጁን ወር በላስ ቬጋስ ከተማ አንድ የምረቃ በዓል አዘጋጁ። ትምህርት ቤቱ «ጄምስ ማዲሰን አካዳሚ» ይባላል፤ ማዲሰን ያንን ሁለተኛውን ማሻሻያ ያረቀቁት ሰው ናቸው። ለተመራቂዎቹ ምክር እንዲሰጡ የተጋበዙት የታላቁ የጠመንጃ ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበሩት ዴቪድ ኪን ናቸው። ልምምድ ነው ተባሉ። እርሳቸውም ካባ ለብሰው ወደ መድረኩ ወጡ፤ ከፊታቸውም በሜዳው ላይ በረድፍ የተደረደሩ ነጫጭ ባዶ ወንበሮች ነበሩ። ስለ ማዲሰን ተናገሩ፥ ስለ መብቱ ተናገሩ፥ ወደፊትም ያንን መብት ሊሽሩ ለሚነሡ ሰዎች ከተመራቂዎቹ ብዙዎቹ እንደሚቋቋሟቸው ያላቸውን እምነት ገለጹ። ለባዶ ወንበር። ጨርሰውም ወረዱ።

እንዲህ ያለ ትምህርት ቤት በምድር ላይ የለም። ወንበሮቹ 3,044 ናቸው። በዚያ ዓመት ሁለተኛ ደረጃን ሊጨርሱ ይገባቸው የነበሩና በጥይት ስለ ሞቱ ያልጨረሱት ልጆች ቍጥር ነው።

ይህን በተንቀሳቃሽ ሥዕል ያየሁ ጊዜ የመጀመሪያው ስሜቴ ለሰውዬው ማዘን ነበረ፤ ሽማግሌ ሰው መታለል የለበትም ብዬ። ጥቂት ቆይቼ ደግሞ አባትዬውን አሰብሁ። ልጁ ከሞተ በኋላ የተለመደውን ሁሉ አድርጓል፤ ሰልፍ ወጥቷል፥ ደብዳቤ ጽፏል፥ እንደራሴ ፊት ቆሟል። መልሱም የኀዘን ቃል ነበረ። ከዚህ በኋላ ወንበር ተከራየ። ወንበር ተከራይቶ የሚያደርድር አባት፥ ስንት ረድፍ ላይ ሲደርስ ነው ከእነዚህ አንዱ የልጄ ነው ብሎ የሚያስበው? ምናልባት ከመጀመሪያው።

በ2020 ከሕፃንነት ዕድሜ ያለፉ የአሜሪካ ልጆችና ወጣቶች ከመኪና አደጋ ይልቅ በጥይት ብዙ ሆነው ሞቱ፤ እስከዚያ ድረስ የመጀመሪያው ገዳይ መኪና ነበረ። ከነዚህ ልጆች ጋር በአንድ ክፍል የሚቀመጡ የእኛም ልጆች አሉ፤ በዋሽንግተን ዙሪያ፥ በሜሪላንድ፥ በቴክሳስ። የአክስቴ ልጅ ሜሪላንድ ትኖራለች። ባለፈው ሰሞን ስንነጋገር የሰባት ዓመት ልጅዋ ከትምህርት ቤት እንደ ገባ «እማዬ፥ ዛሬ ዝም ማለት ተለማመድን» አላት። መብራት ይጠፋል፥ በሩ ይቈለፋል፥ ልጆቹ ከግድግዳው ሥር በጨለማ ይቀመጣሉ፤ ያስነጠሰ ልጅ ቢኖር ይገሠጻል። መምህርቷ ለምን እንደ ሆነ አልነገረቻቸውም፤ ልጁ ግን ያውቃል። በትምህርት ቤቱ በዝምታ የመጀመሪያ የወጣው የእርሱ ክፍል ነው ተብሎ ተጨብጭቦላቸዋል።

ልጁ ታዲያ ጠየቃት፤ «በኢትዮጵያም እንዲህ ትለማመዱ ነበር?» አለ።

እዚህ ላይ በገባሁት ቃል መሠረት ወደ አገራችን እመለሳለሁ። እኛ በ2012 ዓ.ም. በኢትዮጵያ አቈጣጠር የወጣ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር ዐዋጅ አለን፤ ቍጥሩ 1177 ነው፤ መሣሪያ የሚይዝ ሰው ፈቃድ እንዲኖረው ያዛል። ዐዋጁ በሚታተምበት ሰሞንም ሆነ ከዚያ በኋላ አንድ ክላሽ ለአንድ ሙሽራ ስንት ጊዜ እንደ ተተኰሰ የቈጠረ የለም። እኔ ራሴ በገጠር ሠርግ ላይ እያጨበጨብሁ ወደ ሰማይ ሲተኰስ ቆሜ አይቻለሁ፤ ያልተተኰሰበት ሠርግ ጨው እንደሌለው ወጥ ነበርና። በለቅሶም ይተኰሳል፤ በአንዱ ሠርግ የተተኰሰው ለሌላ ለቅሶ ምክንያት ሲሆን ደግሞ ለዚያም ይተኰስለታል። ከነዚህ ዓመታት ወዲህ በሰሜኑም በሌላውም ስለ ተተኰሰው እርስዎ ከእኔ የበለጠ ያውቃሉ።

እናት ናትና ይህን ሁሉ ለልጁ አልነገረችውም። «እኛ አገር ጥይት የሚተኰሰው ለደስታ ነው፤ በሠርግ ቀን ወደ ላይ፥ ወደ ሰማይ ይተኵሳሉ» አለችው።

ልጁ ጥቂት አሰበና «ከዚያስ ጥይቱ የት ይወድቃል?» አላት።

እርስዋም ስልኩን በጆሮዋ እንደ ያዘች ወደ እኔ ዞራ ጠየቀችኝ። መስመሩ ተቋርጧል ብዬ ዘጋሁት።